ስለ ካሣ ገንዘብና ስለ ገበሬው ኑሮ መመለስ፤ የርብ ግድብ ትምህርት

ከጉና ተራራ የሚነሣው የርብ ወንዝ የፋርጣንና የእብናትን አገር እየከፈለ ይወርድና የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ አጠጥቶ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባል። ወንዙ በክረምት ሜዳውን እያጥለቀለቀ፣ በበጋ ደግሞ እየሳሳ ገበሬውን ሲያስቸግር ስለ ኖረ፣ የክረምቱን ውሃ አከማችቶ ለበጋ መስኖ ለማዋል በ2000 ዓ.ም. ገደማ የግድብ ሥራ ተጀመረበት። ሥራውን የውሃ ሥራዎች ኮንስትራክሽን ድርጅት ይዞት፣ በጥቂት ዓመታት ያልቃል ተብሎ የታሰበው ዐሥር ዓመት ያህል ፈጅቶ ተፈጸመ። የግድቡ ቁመት 73 ሜትር ያህል ሲሆን፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። በመጀመሪያው ዕቅድም ወደ 20,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታስቦ ነበር።

አንድ ግድብ በተሠራ ጊዜ እንደ ማናቸውም የንግድ ሥራ ሁለት ዓምድ ያለው ሒሳብ ይከፈታል። በአንደኛው ዓምድ ገቢው ይጻፋል፤ ይኸውም በበጋ የሚለማው ማሳ፣ የሚጨምረው ሩዝና ሽንኩርት፣ ወደ ወረታና ወደ አዲስ ዘመን ገበያ የሚመላለሰው የጭነት መኪና፣ እንዲሁም የጐርፉ መብረድ ነው። በሁለተኛው ዓምድ ወጪው ይጻፋል። ከወጪውም ሲሚንቶው፣ ብረቱና የሠራተኛው ደመወዝ በደረሰኝ ስለሚታወቁ አይረሱም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ወይም ጐድሎ የሚጻፈው፣ በውሃው ሥር የሚቀረው ማሳ፣ ቤት፣ የግጦሽ መስክና መንገድ፣ በነዚህም ላይ ተመሥርቶ ይኖር የነበረው ቤተሰብ ኑሮ ነው።

በርብ ይህ ነገር በተለይ ጐልቶ ይታያል። ውሃው የተኛበት መሬት በላይኛው ክፍል በእብናትና በፋርጣ ወረዳዎች ሲሆን፣ ውሃው እንዲያለማው የታሰበው መሬት በታችኛው ክፍል በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳ ነው። ስለዚህ መሬቱን የሚለቅቀው አንድ ሰው፣ ውሃውን የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው። ሁለቱም የአንድ አገር ልጆች፣ በአንድ ገበያም የሚገናኙ ናቸው፤ ይሁን እንጂ የአንዱ ጥቅም በራሱ የሌላውን ጉዳት አይክስም። በዚህም ምክንያት «ካሣ ተከፍሏል ወይ?» የሚለው ጥያቄና «ኑሮው ተመልሷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አንድ አለመሆናቸውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጥያቄ በአንድ ቀን በባንክ ደረሰኝ ይዘጋል፤ ሁለተኛው ግን የብዙ ዓመት ሥራ ይጠይቃል።

ነገሩ ነጋዴውን ስለ ምን ይመለከተዋል

አንዳንድ ነጋዴ ይህ የመንግሥትና የገበሬው ጉዳይ ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን በእብናት ወይም በደብረ ታቦር ሱቅ የከፈተ ሰው ደንበኛው ማን እንደ ሆነ ቢመረምር፣ እህሉን፣ ማሩን፣ ቅቤውንና ፍየሉን ይዞ ለገበያ የሚወጣው፣ በዚያው ዕለት ደግሞ ጨውና ስኳር፣ ሳሙናና ጨርቅ፣ ማጭድና ማረሻ ገዝቶ የሚመለሰው ገበሬ መሆኑን ያገኘዋል። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለነጋዴው ሁለት ጊዜ ደንበኛ ነው፤ ጧት ሻጭ፣ ከሰዓት በኋላ ገዢ ነው። ማሳው ከውሃ በታች በቀረ ጊዜ ገበያው አቅራቢውንም ሸማቹንም ባንድነት ያጣል።

ካሣ የሚከፈልበት ወራት ይህን እውነት ለጊዜው ይሸፍነዋል። ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ትንሽ ከተማ ሲገባ ቆርቆሮውና ሚስማሩ ይሸጣል፤ የበሬና የቤት ቦታ ዋጋ ይወጣል፤ ጠጅ ቤቱም ይደምቃል። ነጋዴው በዚያ ወራት ገበያው የደራ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ገንዘብ የዓመት ትርፍ አይደለም፤ የቤተሰቡ ዋና ገንዘብ ነው። ዋና ገንዘቡን እየበላ የሚገዛ ሰው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ደንበኛ ይሆናል እንጂ አይዘልቅም።

እብናት ኑሮ ሲናድ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሩቅ አገር ታሪክ አያስፈልጋትም። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ረኀብ ጊዜ በእብናት ታላቅ የእርዳታ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ በዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ተጠልሎበት ነበር፤ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሕዝቡ ከጣቢያው በኀይል እንዲበተን መደረጉ የታወቀ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም ወረዳው በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት የምግብ እጥረት ካለባቸው ወረዳዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። እንዲህ ባለ አገር አንድ ለም የወንዝ ዳር ማሳ መታጣቱ በሌላ ቦታ ከሚታጣው ይልቅ የከበደ ነው።

ሕጉ ምን ይላል

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንኡስ አንቀጽ 2፣ በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሮአቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ የሆነ የገንዘብ ወይም ሌላ ማካካሻ፣ በቂ በሆነ የመንግሥት እርዳታ ወደ ሌላ ስፍራ መዛወርንም ጨምሮ፣ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ አነጋገር ሰፊ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። መብቱን ያገኘው መሬቱ የተወሰደበት ሰው ብቻ አይደለም፤ ኑሮው የተነካበት ሁሉ ነው።

የርብ ግድብ ሲጀመር ይሠራበት የነበረው ዝርዝር ሕግ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ገበሬው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት፣ ማለት ለቤቱ፣ ለዛፉና ለአጥሩ ግምቱን ያገኛል። ከዚህ በላይ መሬቱን ለዘለቄታው ሲለቅ፣ ካለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በዐሥር ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሣ ይከፈለዋል። በቀላሉ ሊታረስና ተመሳሳይ ገቢ ሊያስገኝ የሚችል ምትክ መሬት ከተሰጠው ግን፣ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣ የአንድ ዓመት አማካይ ገቢ ብቻ ይሆናል።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሠራር በብዙ ረገድ ለወጠው። ማባዣው ከዐሥር ወደ ዐሥራ አምስት ከፍ አለ፤ የሚባዛውም የአምስት ዓመት አማካይ መሆኑ ቀርቶ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ከአዋጁ ስም ላይ ይታያል። የቀድሞው አዋጅ ስሙ ስለ መሬት መለቀቅና ስለ ካሣ ብቻ ሲናገር፣ አዲሱ «ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበት» የሚል ቃል ጨመረ፤ ክልሎችም ለካሣና ለመልሶ ማቋቋሚያ የሚሆን ፈንድ እንዲያቋቁሙ፣ የመቋቋሚያ ዕቅድም እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ይኸውም ካሣ መክፈል ብቻውን ኑሮን እንደማይመልስ ሕግ አውጪው ራሱ እንዳመነበት ያሳያል። ሆኖም በቀድሞው ሕግ ዘመን የተነሡት ቤተሰቦች ሒሳባቸው የተዘጋው በቀድሞው ማባዣ ነው።

የካሣው ሒሳብ በምሳሌ ሲታይ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለማስረዳት ብቻ የተወሰደ አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ገበሬ ወጪው ተቀንሶ በዓመት 10 ኩንታል እህል ያገኛል እንበል። የአንዱ ኩንታል ዋጋ በአምስቱ ዓመታት በተከታታይ 1,000፣ 1,200፣ 1,400፣ 1,700፣ በመጨረሻም 2,000 ብር ነበር እንበል። አማካዩ ዋጋ 1,460 ብር ስለሆነ፣ አማካይ የዓመት ገቢው 14,600 ብር ይሆናል፤ ይህም በዐሥር ሲባዛ ካሣው 146,000 ብር ነው። ገንዘቡ በእጅ ሲቈጠር የዐሥር ዓመት ምርት ይመስላል። ነገር ግን ገበሬው ገንዘቡን በተቀበለበት ዕለት ገበያ ወጥቶ እህል ቢሸምትበት፣ በ2,000 ብር ሒሳብ የሚያገኘው 73 ኩንታል ብቻ ነው። ይህም የሰባት ዓመት ከጥቂት ወር ምርት እንጂ የዐሥር ዓመት አይደለም። ክፍያው ዘግይቶ ዋጋው 2,500 ብር ቢደርስ፣ ያው ገንዘብ ከ58 ኩንታል ብዙም አያልፍም።

በአዲሱ አዋጅ ሲሰላ የዚሁ ገበሬ ከፍተኛ የዓመት ገቢ 20,000 ብር ስለሚሆን፣ በዐሥራ አምስት ተባዝቶ 300,000 ብር ይመጣል። ይህ በዕለቱ ዋጋ 150 ኩንታል የሚገዛ ስለሆነ ከቀድሞው እጅግ የተሻለ ነው። ሆኖም የእህሉ ዋጋ በእጥፍ ጨምሮ 4,000 ብር በደረሰ ጊዜ የሚገዛው ኩንታል 75 ብቻ ይሆናል። ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥስ የሚል ሰው፣ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከመቶ 30 በላይ በነበረ ጊዜ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 7 እንደ ነበር ያስታውስ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ በመዝገብ ላይ ቍጥሩ ሳይጐድል ጉልበቱ ይደክማል።

ከዚህ ምሳሌ የሚገኘው ትምህርት ማባዣው ይጨመር ማለት ብቻ አይደለም። መሬት በየዓመቱ የሚያፈራና ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው፤ ዋጋ ሲወጣም የምርቱ ዋጋ አብሮ ይወጣል። የካሣ ገንዘብ ግን ወደሚያፈራ ነገር ካልተለወጠ በስተቀር ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ እየቀነሰ የሚሄድ ሀብት ነው። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ገንዘቡ በምን ያህል ጊዜ፣ ወደ ምን ዓይነት ሥራ ይለወጣል የሚለው ነው።

በግምት መዝገብ የማይገባ ኪሣራ

ገማቹ ቤቱን፣ ዛፉንና ማሳውን ቈጥሮ ይመዘግባል። በመዝገቡ የማይገባ ግን ብዙ ነገር አለ። የወል የግጦሽ መስክ የማንም የግል ይዞታ ስላልሆነ፣ ለአንድ ቤተሰብ ይህን ያህል ተብሎ ሲከፈልበት አይታይም፤ ይሁን እንጂ በሬና ላም ያለ ግጦሽ አይኖሩም። የማገዶው ቍጥቋጦ፣ የቤት ክዳን የሚሆነው ሣር፣ በበጋ ጓሮ የሚጠጣበት የወንዝ ውሃ እንደዚሁ ናቸው። ሐይቁ በሰፋ ጊዜም የቀድሞው የእግርና የአጋሰስ መንገድ ይቈረጣል፤ በአንድ ሰዓት ገበያ ይደርስ የነበረ ሰው ሐይቁን ለመዞር ግማሽ ቀን ሊወስድበት ይችላል።

ሁለተኛ፣ የይዞታ ደብተር በስሙ የሌለው ሰው አለ። በአማራ ክልል የመሬት ምዝገባ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ፣ ባልና ሚስት በጋራ የሚመዘገቡበት ደብተር መሰጠቱ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የሌላውን ማሳ በእኩል የሚያርስ፣ ከአባቱ ማሳ ላይ እየሠራ ድርሻውን ሲጠብቅ የነበረ ወጣት፣ በቀን ሥራ በአጨዳና በአረም የሚኖር ድኻ ደብተር የላቸውም። ማሳው ሲታጣ ኑሮአቸው ከባለ ደብተሩ እኩል ይነካል፤ ገንዘቡ ግን ወደ እነርሱ አይመጣም።

ሦስተኛ፣ ደቦና ወንፈል፣ እድርና ማኅበር፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንና የአባቶች መቃብር በገንዘብ አይተመኑም። ይህን እንደ ስሜት ብቻ መቍጠር ስሕተት ነው። በደቦ የሚታጨድ ማሳ ያለ ደመወዝ የሚታጨድ ማሳ ነው፤ በእድር የሚቀበር ሰው ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ አይከትትም፤ ጐረቤቱን የሚያውቅ ሰው ዘር በብድር ያገኛል። ጐረቤታሞች ተበታትነው በየከተማው ዳር ሲሰፍሩ ይህ ሁሉ የማይታይ ዋና ገንዘብ ይጠፋል።

ማይክል ሰርኒያ የተባሉት የዓለም ባንክ የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ እንዲህ ያለውን ኪሣራ በስምንት መድበውታል፤ እነርሱም መሬት ማጣት፣ ሥራ ማጣት፣ ቤት ማጣት፣ ከኅብረተሰቡ ዳር መውጣት፣ የምግብ እጦት፣ የበሽታ መብዛት፣ የወል ሀብትን ማጣትና የማኅበራዊ ትስስር መበጣጠስ ናቸው። ከስምንቱ ውስጥ በካሣ ገንዘብ በቀጥታ የሚመለሱት ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የሌላው አገር ትምህርት

ይህ ችግር የርብ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ የፊንጫ፣ የግልገል ጊቤና የተከዜ ግድቦች ተከታትለው ተሠርተዋል፤ 5,150 ሜጋዋት ኀይል እንዲያመነጭ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እያንዳንዱ ግድብ መብራት ወይም መስኖ ሲሰጥ፣ ከውሃው መተኛ የተነሡ ቤተሰቦችም አሉት። የዓለም የግድቦች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ዘገባ፣ በመላው ዓለም በትልልቅ ግድቦች ምክንያት የተፈናቀለው ሕዝብ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል።

ከነዚህም ውስጥ በሚገባ የተጠናው በዛምቤዚ ወንዝ ላይ የተሠራው የካሪባ ግድብ ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 የግዌምቤ ቶንጋ ሕዝብ 57,000 ያህል ሰው ከወንዙ ዳር ተነሣ። ኤልዛቤት ኮልሰንና ቴየር ስከደር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ የዚህን ሕዝብ ኑሮ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ተከታትለውታል። የወንዝ ዳር እርሻ ጠፍቶ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ የከበዱ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በአዲሱ ሐይቅ ዓሣ ማስገር ተጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ብዙ ገንዘብ አስገኘ፤ ሆኖም ይህ ብልጽግና ሳይዘልቅ ምርቱ ቀነሰ። ስከደር ከዚህና ከሌሎች ግድቦች ተነሥተው የደረሱበት ሐሳብ፣ የተነሣ ሕዝብ ኑሮው ተመለሰ የሚባለው በሁለተኛው ትውልድ ሲጸና መሆኑን ያስረዳል።

በዓባይ ላይ የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ ደግሞ በግብጽና በሱዳን 100,000 ያህል የኑብያ ሕዝብ ተነሥቷል። በሱዳን በኩል የነበሩት ከዋዲ ሐልፋ ተነሥተው በአትባራ ወንዝ አጠገብ በአዲስ ሐልፋ ሲሰፍሩ፣ በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በመስኖ የሚለማ መሬት ተሰጥቷቸው ነበር። ስፍራው ከለመዱት አገር የራቀና አየሩም የተለየ በመሆኑ ብዙ መከራ ቢያዩም፣ የመስኖ ውሃ ለሚለቅቅ ሰው የመስኖ መሬት ይገባዋል የሚለው ሐሳብ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በርብ ላይኛውና ታችኛው አገር የተራራቁ አይደሉም፤ ቋንቋውም፣ አየሩም፣ ገበያውም የታወቀ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ከአዲስ ሐልፋ ይልቅ እዚህ የሚቀልል ይመስላል።

ኑሮ ተመለሰ የሚባለው መቼ ነው

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ተነሺዎች የመጀመሪያውን መመሪያ ካወጣ ወዲህ ደጋግሞ የሚያስገነዝበው አንድ መስፈርት አለ፤ ይኸውም የተነሣ ቤተሰብ ኑሮው ቢያንስ ከመነሣቱ በፊት ወደ ነበረበት ደረጃ መመለስ አለበት የሚል ነው። ባንኩ በ1999 ዓ.ም. ለጣና ዙሪያ መስኖ የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር ባጸደቀ ጊዜ የርብ መስኖ ከታሰቡት ሥራዎች አንዱ ስለ ነበረ፣ ይህ መስፈርት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። መስፈርቱ እንዲሠራ ግን የቀድሞው ኑሮ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ቤተሰቡ ስንት ኩንታል ያመርት ነበር? ስንት ከብት ነበረው? ከማርና ከቅቤ ምን ያገኝ ነበር? የመክፈቻ ሒሳብ ያልተመዘገበለት መዝገብ ትርፍና ኪሣራ ሊወጣለት አይችልም።

የሚቀጥለው ጉዳይ ገንዘቡ ወደሚያፈራ ሥራ የሚለወጥበት መንገድ ነው። ምትክ መሬት በተገኘበት ስፍራ ሁሉ ከገንዘብ ይልቅ መሬት ይበልጣል። መሬት ባልተገኘበት ደግሞ ገንዘቡ በአንድ ቀን በሙሉ ከሚሰጥ፣ ከፊሉ ለቤት መሥሪያ፣ ከፊሉ ለሥራ መነሻ፣ ከፊሉ ለክፉ ቀን ተለይቶ፣ በባልና በሚስት የጋራ ሒሳብ ቢቀመጥ የተሻለ ነው። ከክፍያው በፊትም ምክር ያስፈልጋል። ዕድሜውን ሙሉ በሬ ጠምዶ የኖረ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ባለ ወፍጮ ወይም ባለ ሱቅ እንዲሆን መጠበቅ፣ የዕቃ ዋጋ የማያውቅን ነጋዴ ማሳ ላይ አቁሞ እረስ እንደ ማለት ነው።

ሐይቁ ራሱም የሥራ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ዓሣ ማስገር፣ በዳርቻው መኖ ማብቀልና ከብት ማድለብ፣ ንብ ማነብ፣ በአነስተኛ ሞተር ውሃ ስቦ ሽንኩርትና ቲማቲም ማልማት ይቻላል። ይሁን እንጂ የጣና ዓሣ ለመራባት በርብ ወንዝ ወደ ላይ የሚወጣ ስለሆነ፣ ማስገሩ በሥርዓት መሆን አለበት፤ የካሪባም ታሪክ የመጀመሪያው ዓመት ምርት እንደማይዘልቅ አስተምሯል። ከሐይቁ የሚገኘው ጥቅምም ከሩቅ ለመጣ ባለ ገንዘብ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቅድሚያው መሬታቸውን ለለቀቁት ማኅበራት ሊሆን ይገባል።

በመጨረሻም የጥቅም መካፈል ጥያቄ አለ። ከመስኖው ውሃ የሚሰበሰብ ክፍያ በሚኖር ጊዜ፣ ከርሱ ላይ ጥቂት ድርሻ ተለይቶ ለላይኛው አገር ትምህርት ቤት፣ መንገድና የተፋሰስ ጥበቃ ቢውል፣ ታችኛውም አገር ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም። የጉናና የእብናት ተዳፋት ካልተጠበቀ አፈሩ ተጠርጎ ግድቡን ይሞላዋል፤ ግድቡ በደለል ከተሞላ የፎገራም መስኖ ይደርቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ በእብናትና በፋርጣ በጥቂት ቤተሰቦች ላይ የተጫነው ሸክም ለሁሉ ቢከፋፈል የሚከብድ አይደለም።

የነጋዴው ድርሻ

በዚህ ሥራ የመንግሥትን ተግባር ነጋዴው ሊተካ አይችልም። ነገር ግን መንግሥት የማይችለውንና ነጋዴው የሚችለውን መለየት ይቻላል።

1ኛ፤ የተነሡ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ማር፣ የደለበ ከብት፣ አትክልት ወይም ዓሣ ሲያቀርቡ፣ አስቀድሞ መጠኑና ዋጋው ታውቆ የግዢ ውል መፈራረም። አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው የታወቀ ገዢ ነው።

2ኛ፤ ሚዛንን ማቅናት። አነስተኛ ዋና ገንዘብ ያለው ሰው በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ ሁለት ኪሎ ቢጐድልበት፣ ለባለ ብዙ ኩንታል ትንሽ የሚመስለው ነገር ለርሱ የዓመት ትርፉ ነው።

3ኛ፤ ደብተር የሌላቸውን ቤተሰቦች ልጆች በወፍጮ ቤት፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ፣ በጋራዥና በመጋዘን ለሙያ ተማሪነት መቀበል። ካሣ ያልደረሰው ወጣት ሊቀበለው የሚችለው ካሣ ይህ ነው።

4ኛ፤ በካሣ ወራት ዋጋን አለመስቀል፣ የማይረባ ዕቃም አለመሸጥ። አንድ ያረጀ ሞተር ወይም የማይሠራ ወፍጮ ለተነሺ ገበሬ የሸጠ ነጋዴ ሕግ ባይደርስበትም፣ ከገበያው አንድ ደንበኛ ለዘለቄታው እንዳጠፋ ይወቅ።

5ኛ፤ ገንዘቡ ወደ ቁጠባና ወደ ሥራ እንዲገባ ማገዝ። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጸደይ ባንክ ከሆነ ወዲህም ሆነ በገበሬዎች የቁጠባና የብድር ማኅበራት በኩል፣ ተነሺዎች በቡድን ሥራ ሲጀምሩ የታወቀ ነጋዴ ምስክርነትና ምክር ብዙ ዋጋ አለው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ እየተዘጋና ገበያ እየተስተጓጐለ የተነሡት ቤተሰቦች ችግር እንደ ተባባሰ የማይታበል ነው። ዳሩ ግን ይህ ነገሩን ለኋላ ለማቈየት ምክንያት ሊሆን አይገባም። ዋና ገንዘቡ በየቀኑ የሚቀንስበት ሰው መልካም ቀን እስኪመጣ ድረስ ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ አይችልም።

የርብ ግድብ ተሠርቶ አልቋል፤ ውሃውም የሚጠቅም ሀብት ነው። የግድቡ ሒሳብ ግን ገና አልተዘጋም። ሒሳቡ የሚዘጋው ከእብናትና ከፋርጣ የተነሣ ቤተሰብ እንደ ቀድሞው በገበያ ቀን የራሱን ምርት ይዞ ወጥቶ፣ ሸጦ፣ ገዝቶ፣ ለሚቀጥለውም ዓመት ዘር አስቀርቶ ሲገኝ ነው። ይህንን ቀን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያይ የሚችለው በየሳምንቱ በገበያው የሚውለው ነጋዴ ስለሆነ፣ እንዲደርስም ከሁሉ ይልቅ ሊተጋ ይገባዋል።